እርስዎ ይቅደሙ

ቦሌ ቡልቡላ ውሃ የሚመጣው በሳምንት ሁለት ቀን ነው፤ ያውም ደስ ካለው። በእነ ፊዮሪ ግቢ ግን ጀልባ አለች። ሸራ አላት፣ ምሰሶ አላት፣ መልህቅ አላት፣ ከሥሯ ባለ ሁለት ጎማ ተጎታች አላት። የጎደላት ነገር ውሃ ብቻ ነው፤ እሱ ደግሞ ሰፈሩ በሙሉ የጎደለው ስለሆነ ማንም አይፈርድባትም።

ጎኗ ላይ በሰማያዊ ቀለም «ፍረወይኒ» ተብሎ ተጽፎባታል። ፍረወይኒ የፊዮሪ እናት ናት። አባቷ ገብረትንሣኤ ጀልባዋን ገዝቶ ወደ ቤት ባመጣ ቀን የሚስቱን ፊት አይቶ ደነገጠና፣ ቁጣዋን በቀለም ሊያበርደው ሞከረ። አልበረደም። እናቷ ስሟን አነበበች፣ ጀልባዋን ከፊት እስከ ኋላ ገረመመቻት፣ ከዚያ «ሁለተኛው የውሃ ሮቶ ይቀመጥበታል ያልኩህ ቦታ ላይ ነው ያቆምካት» ብላ በሩን ዘጋች።

ይኼ የሆነው የዛሬ ሦስት ዓመት ነው። ወደ አገራቸው የተመለሱ ፈረንጆች ትተውት የሄዱት አንድ የመዝናኛ ክበብ ዕቃውን በጨረታ ሲሸጥ፣ ከወንበሩና ከፍሪጁ ጋር አራት ትንንሽ የሸራ ጀልባዎች ወጡ። አባቷ የሄደው ጄኔሬተር ሊገዛ ነበር። ግን ኢንጂነር ሃይለኣብ አንድ ጀልባ ገዙ። ኢንጂነሩ ከገዙ ጋሽ ሀሩን እጃቸውን ኪሳቸው ከተው ሊያዩ ነው? ጋሽ ሀሩን ከገዙ እትዬ የሺአረግስ ከማን ያንሳሉ? አራቱ ጀልባዎች አራት ባለቤት አገኙ፤ ጄኔሬተሩን ሌላ ሰው ወሰደው። እስከ ዛሬ መብራት በጠፋ ቁጥር እናቷ ጀልባዋን በመስኮት እያየች ሻማ ትለኩሳለች።

ጀልባ ከተገዛ ማኅበር መቋቋሙ የት ይቀራል? «የቦሌና አካባቢው የሸራ ጀልባ ባለንብረቶች ማኅበር» ተመሠረተ። ማኅተምም አስቀረጹለት። አባቷ የመታጠቢያ ቤት ዕቃ አስመጪ ነው፤ ከውሃ ጋር ያለው ዝምድና በቧንቧ በኩል ብቻ ነው፤ ስለዚህ ሊቀመንበር ሆነ። ዕድሜያቸውን ሙሉ መንገድ ሲሠሩ ኖረው ጡረታ የወጡት ኢንጂነር ሃይለኣብ ምክትል፣ የሕንፃ መሣሪያ ነጋዴው ጋሽ ሀሩን ገንዘብ ያዥ፣ ቦሌ ለሚ አካባቢ ልብስ የሚያሰፉት እትዬ የሺአረግ ጸሐፊ ሆኑ። አራት አባል፣ አራት ሥልጣን። ተራ አባል የለም፤ ተራ መሆን ማን ይፈልጋል?

ዓላማቸው አንድ ነበር። አራቱን ጀልባዎች ከየመኪናቸው ኋላ አስረው፣ ተሰልፈው ላንጋኖ ወርደው፣ ሁለት ቀን ሐይቁን አብረው በሸራ ሊዞሩት። በቃ ይኼው ነው። ላንጋኖ ደግሞ ጨረቃ ላይ አይደለም፤ የፊዮሪ ክፍል ልጆች ለልደት ሄደው፣ ፎቶ ለጥፈው፣ ለሰኞ ፈተና ይደርሳሉ። ማኅበሩ ግን በየወሩ እየተሰበሰበ፣ ሳንቡሳ እየበላ፣ ሦስት ዓመት ሙሉ አቀደ። ፊዮሪ «ማኅበረ ነገ» ትላቸዋለች። በፊታቸው አይደለም። አንዳንዴ ግን በፊታቸውም ነው።

ችግሩ ቀን መቁረጥ ነበር። አንዴ ቀን ተቆረጠና ዐቢይ ጾም ሆኖ ተገኘ። በጾም ጀልባ መንዳት እንደሚቻል ሁሉም ተስማማ፤ ሐይቅ ዳር ተቀምጦ ዓሣ ይበላል ወይስ አይበላም በሚለው ላይ ግን ሁለት ስብሰባ ፈጀ፤ ሦስተኛው ስብሰባ ሳይደርስ ጾሙ ራሱ ተፈታ። ሌላ ጊዜ ረመዳን ላይ ወደቀ። ጋሽ ሀሩን «እኔ ጾሜን ልያዝ፣ እናንተ ሂዱ» ቢሉ «ያለ እርስዎማ ምን ጉዞ አለ!» ተብሎ ቀረ። ከዚያ ክረምት መጣ። ከዚያ የሠርግ ወር መጣ፤ እትዬ የሺአረግ ደግሞ የማያውቁት ሰው ሠርግ እንኳን አያመልጣቸውም።

እትዬ የሺአረግ ለእያንዳንዱ ቀጠሮ ቲሸርት ያሰፋሉ። «ላንጋኖ 2015»፣ «ላንጋኖ 2016»፣ «ላንጋኖ 2017»። በ2015ቱ እነ ፊዮሪ ቤት ወለል ይወለወልበታል። የ2016ቱ ለመኪና መስታወት ነው። ዘንድሮ እትዬ የሺአረግ ዓመተ ምሕረቱን ትተው «ላንጋኖ» ብቻ ብለው አሰፉ። ከአራቱ መሃል ከተሞክሮ የተማሩት እሳቸው ብቻ ናቸው።

ፊዮሪ ሙድ ትይዝባቸዋለች እንጂ፣ ጀልባዋ የማን እንደሆነች ሰፈሩ ያውቃል። ቤታቸው ከመቀሌ ለሕክምና፣ ለቪዛ፣ ለምርቃት የሚመጣ ዘመድ የማይለየው ቤት ነው። የፊዮሪ አልጋ የእሷ የሚሆነው እንግዳ በማይኖርበት ቀን ነው፤ እንግዳ የማይኖርበት ቀን ደግሞ ገና አልተፈጠረም። ስለዚህ የምታጠናው ጀልባዋ ውስጥ ነው። የምትተኛው፣ የምታለቅሰው፣ ከጓደኞቿ ጋር የምታወራው እዚያው ነው። የኬሚስትሪውን ሠንጠረዥ በውስጥ በኩል ለጥፋዋለች። ገመድ አቋጠሩን ከዩቲዩብ ተምራ ሸራውን ሲሚንቶ ላይ ቆማ ታወጣዋለች፣ ታወርደዋለች፤ ነፋስ ሲኖር ሸራው ይወጠርና ጀልባዋ በተጎታቿ ላይ ንቅንቅ ትላለች።

አባቷ ከሥራ ሲመጣ ጫማውን አውልቆ ከጎኗ ይቀመጣል። «ላንጋኖ ስንገባ መሪውን የምትይዢው አንቺ ነሽ» ይላታል። አባቷ ብዙ ነገር ቃል ይገባል፤ ስልክ፣ ውሻ፣ የራሷ ክፍል። ፊዮሪ ያመነችው ይኼን ብቻ ነበር።

እና ያ እሑድ መጣ።

ስብሰባው እነ ፊዮሪ ሳሎን ነው። ተአምር ተፈጠረ፤ ቀን ተቆረጠ። የሚመጣው ቅዳሜ። ጾም የለም፣ ረመዳን የለም፣ ሠርግ የለም፣ ዝናብ የለም። አባቷ ራሱ ማመን አቅቶት አንድ በአንድ አያቸው።

«እንቅፋት ያለው አለ?» አለ፤ ድምፁ ልመና ይመስል ነበር።

ኢንጂነር ሃይለኣብ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እንቅፋት ሳይሆን አንድ ነገር ይቀራል። የሰልፉ ቅደም ተከተል። ፊት የሚሆነው ማነው?»

«ይኼማ ምን ጥያቄ አለው? እርስዎ ነዎት እንጂ» አለ አባቷ።

«ኧረ በፍጹም! ሊቀመንበር እያለ?»

«ኢንጂነር፣ በሞቴ።»

«አይሆንም አልኩ። ጋሽ ሀሩን ይቅደሙ። መኪናቸው ጠንካራ ነው።»

«እኔ?» ጋሽ ሀሩን ደረታቸውን ያዙ። «እናንተን ኋላ ትቼ? ወላሂ አላደርገውም! እትዬ የሺአረግ ይቅደሙ፣ ሴት ናቸው።»

«ሴት ስለሆንኩ ነው? እንደዚያ ከሆነ አልቀድምም» አሉ እትዬ የሺአረግ።

«እሺ፣ ሴት ባይሆኑም ይቅደሙ።»

«ኧረ ሊቀመንበሩ!»

«ኧረ ኢንጂነሩ!»

ፊዮሪ የሳንቡሳውን ትሪ ይዛ መሃል ቆማለች። ይኼ ነገር ለእሷ አዲስ አይደለም፤ እነዚህ ሰዎች በር ላይ ሲደርሱም እንዲሁ ናቸው፤ አንድ ጊዜ ለምሳ ተጠርተው ከበረንዳው ሳሎን እስኪገቡ ጥብሱ ቀዝቅዟል። አዲስ የሆነባት ሌላ ነገር ነው። አራቱም አፋቸው «እርስዎ» እያለ ዓይናቸው ምንጣፉ ላይ ነው፤ እንደ ሙሽራ። ሁሉም ሊቀድም ይፈልጋል። ሁሉም እስኪለመን ይጠብቃል። ሁሉም እስኪለመን ስለሚጠብቅ ደግሞ ልቡ እስኪደርስ የሚለምን ሰው ጠፋ። ኢንጂነሩማ መኪናቸው አፍንጫ ላይ እንደ ሙሽራ መኪና ትንሽ ባንዲራ ሰቅለው ነው የመጡት፤ ውጭ ቆማ ትታያለች።

አፏ ቀደማት።

«ኢንጂነር፣ መቅደም እየፈለጉ ለምን ይግደረደራሉ? ባንዲራውን እኮ ሰቅለው መጥተዋል።»

ጋሽ ሀሩን ሳንቡሳቸውን ማኘክ አቆሙ። እትዬ የሺአረግ ቃለ ጉባኤው ላይ ሊጽፉት አይጽፉት ግራ ገባቸው። ኢንጂነር ሃይለኣብ በግማሽ የተበላውን ሳንቡሳ ሳህኑ ላይ አስቀመጡ፤ ቀስ አድርገው፣ መቃብር ላይ አበባ እንደሚያኖር ሰው።

«ልጄ» አሉ፣ «እኔ አርባ ዓመት መንገድ የሠራሁት ሌላው እንዲሄድበት ነው። ለመቅደም አይደለም። ከዛሬ ወዲያ ደግሞ ቢገድሉኝም አልቀድም።»

«ፊዮሪ! ውጪ!» አለ አባቷ።

«ስድ!» አሉ እትዬ የሺአረግ። ግን ሳቃቸውን በእስክሪብቶ ሸፍነው ነበር።

ፊዮሪ ከመውጣቷ በፊት እናቷ ከጓዳ ወጣች። እጇን በፎጣ እያደረቀች ነበር፤ ማለትም፣ በጆግ በተቀዳ ውሃ የታጠበ እጇን።

«ቅዳሜ ነው ያላችሁት?» አለች። «ጥሩ። ፊሊጶስም ቅዳሜ ነው የሚመጣው።»

«የቱ ፊሊጶስ?» አለ አባቷ።

«መድኃኔዓለም ጀርባ ዓሣ ቤት ያለው። ጀልባዋን ለግቢው ፈልጓታል። ሆዷን ቀድዶ ጠረጴዛ ሊያስገባባት ነው፤ ሰው ውስጧ ተቀምጦ ጥብስ ዓሣ ይበላል። ቅዳሜ ስድስት ሰዓት አይሱዙ ይዞ ይመጣል። ስድስት ሰዓት ላይ ጀልባዋ ከዚህ በር ከወጣች የእናንተ ናት። ካልወጣች የእሱ ናት። ሮቶው በዚያው ቀን ይመጣል።»

«ፍሬ፣ ስምሽ እኮ ነው የተጻፈባት!»

«አዎ። ሦስት ዓመት ስሜን ፀሐይ ላይ አስጥተኸዋል። ቢያንስ እዚያ ጥላ አለ።»

ከዚያ በኋላ ያለው ሳምንት ለፊዮሪ መጥፎ ሳምንት ነበር። ጀልባዋ ውስጥ ተኝታ ግራና ቀኝ ጎኗን ስታይ የሚታያት ቆረጣው ነው፤ እዚህ ጋ ጠረጴዛ፣ እዚህ ጋ ሚጥሚጣ፣ የኬሚስትሪው ሠንጠረዥ ቦታ ላይ የዋጋ ዝርዝር። አባቷ ኢንጂነሩ ጋ ስልክ ደውሎ ደውሎ አንድ ነገር ብቻ አገኘ፤ ይመጣሉ፣ ግን አይቀድሙም።

«ምን እንዳደረግሽ ገብቶሻል?» አላት። «አሁን ሰውየው ቢቀድሙ ያልሽው እውነት ሊሆን ነው። እሳቸው በዕድሜ ትልቅ ናቸው፤ እሳቸው ካልቀደሙ ጋሽ ሀሩን አይቀድሙም። ጋሽ ሀሩን ካልቀደሙ...»

«እውነት አይደለም እንዴ ግን?»

«እውነት መሆኑ እኮ ነው ችግሩ!»

ቅዳሜ ጠዋት ሦስቱም ጀልባቸውን እየጎተቱ መጡ። ሁሉም «ላንጋኖ» የሚል ቲሸርት ለብሰዋል። ሰላምታው ብቻ ቢቆጠር ላንጋኖ ደርሶ ይመልሳል፤ የልጆቹ ጤና፣ የሥራው ሁኔታ፣ የእገሌ ጉልበት። ኢንጂነሩ ፊዮሪን ጨብጠዋታል፤ በሁለት ጣት። ከመኪናቸው አፍንጫ ላይ ባንዲራው የለም።

መንገዳቸው ጠባብ ነው፤ በላይ በኩል ይገባል፣ በታች በኩል ወደ አስፋልት ይወጣል፣ መሃል ላይ ጀልባ የጎተተ መኪና ከገባ ድመትም አታልፍ። ሦስቱ መኪኖች ተከታትለው ቆሙ። ፊት የኢንጂነሩ፣ ቀጥሎ የጋሽ ሀሩን፣ መጨረሻ የእትዬ የሺአረግ። የጋሽ ሀሩን ጀልባ ልክ የእነ ፊዮሪ በር ላይ አረፈች። በሩ ውስጥ ደግሞ የአባቷ መኪና ፊቱን ወደ ውጭ አድርጎ፣ ጀልባዋን አስሮ፣ ሞተሩን አስነስቶ ቆሟል።

«በሉ እንግዲህ ወደፊት ጠጋ በሉልኝና ልውጣ» አለ አባቷ በመስኮት።

«ሊቀመንበር ሳይወጣ?» አሉ ኢንጂነሩ ከፊት። «እኔ ከዚህ አንድ እርምጃ ወደፊት አልልም። ቀደምኩ ማለት ነው።»

«እሺ፣ ወደ ኋላ በሉልኝ።»

ከእነሱ መሃል ተጎታች ይዞ ወደ ኋላ መሄድ የሚችል ሰው የለም። ሦስት ዓመት ሲታቀድ ይኼ ነገር አጀንዳ ላይ አልወጣም። ጋሽ ሀሩን ለክብር ሲሉ ሞከሩት፤ መሪውን ወደ ግራ ሲያዞሩ ጀልባቸው ወደ ቀኝ ሄዳ የጎረቤት የቆርቆሮ አጥር ላይ ተደገፈች። ከአጥሩ ኋላ የጎረቤት ውሻ አስተያየት ሰጠ። ጋሽ ሀሩን መልሰው ቀጥ አደረጓት።

ስለዚህ ነገሩ እንዲህ ሆነ። ሊቀመንበሩ ሳይወጣ አይሄዱም፤ እነሱ ካልሄዱ ደግሞ ሊቀመንበሩ አይወጣም። ለአክብሮቱ ሲሉ በሩን ዘግተውበት ቆመዋል። ፊዮሪ ጀልባዋ ላይ ቆማ ከአጥሩ በላይ ስታያቸው፣ በክብር የተሠራ እስር ቤት ይመስሉ ነበር።

«ኢንጂነር፣ ለእግዚአብሔር ብለው!» ይላል አባቷ።

«እርስዎ ይቅደሙ፣ እርስዎ!»

«በየት በኩል ልቅደም? በሰማይ?»

በዚህ መሃል ከላይ በኩል ክላክስ ተሰማ። አይሱዙ። ፊሊጶስ ከጋቢናው ዘሎ ወረደ፤ ፀጉሩን ጄል የተቀባ፣ ለማንም «ይቅደሙ» ብሎ የማያውቅ ሰው። በጀልባዎቹ ጎን ተሸሎክሎክ ብሎ፣ እናቷን ጨብጦ፣ ግቢው ገባ። ከኪሱ ሜትር አወጣ።

«ቶሎ መጣህ» አለችው እናቷ።

«ልለካት ብዬ ነው። ሁለት ጠረጴዛ ትይዛለች? ሦስት?»

ሜትሩን በጀልባዋ ሆድ ላይ ዘረጋው። የብረቱ ጫፍ ልክ ፊዮሪ ራሷን የምታስደግፍበት ጎን ላይ ሲነካ፣ ከውስጥ በኩል ሆና ድምፁን ሰማችው። ቅጭ።

ያን ጊዜ ነው የፊዮሪ ሙድ የጠፋው።

አባቷን አየችው። መሪው ላይ ግንባሩን ደፍቷል። ኢንጂነሩን አየቻቸው። መስኮታቸውን ዘግተው፣ ፊት ለፊት ያለውን ባዶ መንገድ ትኩር ብለው ያያሉ፤ አርባ ዓመት የሠሩት ሰው፣ አሥር ሜትር መሄድ አቅቷቸው። ያቃታቸው ደግሞ በእሷ አፍ ምክንያት ነው። አንድ ሰው ሊለምናቸው ይገባል። በደንብ፣ ሰው እያየ፣ እምቢ ሊሉት በማይችሉት ልመና። ያም ሰው ማን እንደሆነ ታውቃለች። ወይኔ ሼሙ።

እንዲህ ያለ ይቅርታ የሚጠየቀው ድንጋይ ማጅራት ላይ ተሸክሞ እንደሆነ ከዘመዶቻቸው እርቅ ላይ አይታለች። ዙሪያዋን ፈለገች። መንገዱ ከዳር እስከ ዳር ኮብልስቶን ተነጥፏል፤ ልቅ ድንጋይ የሚባል የለም። ያለው መልህቁ ነው።

መልህቁን ከጀልባዋ ፊት ፈታችና በማጅራቷ ላይ ጣል አደረገችው። ትንሽ ነው ብላ ነበር። ሐይቅ ውስጥ ሆኖ ጀልባ ለመያዝ የተሠራ ብረት አንገት ላይ ሲሆን ትንሽ አይደለም። ሰንሰለቱ ጉልበቷ ላይ እየተንኳኳ፣ አንገቷን ደፍታ፣ በጋሽ ሀሩን መኪና ጎን አለፈች። የጎረቤት ሴቶች በር በር ላይ ወጡ። አንዱ የባጃጅ ሹፌር ስልኩን አወጣ።

«ይቺ ልጅ አበደች!» አሉ ጋሽ ሀሩን።

ኢንጂነሩ መስኮት ሥር ተንበረከከች።

«ኢንጂነር፣ በድያለሁ፤ ይማሩኝ።»

ያለችው በዚያ በለመደችው ድምፅ ነበር፣ ግማሹ ቀልድ በሆነው። ሴቶቹ ሳቁ። ኢንጂነሩ አልሳቁም፤ መስኮቱም አልወረደም። ፊዮሪ ተንበርክካ ቆየች። ብረቱ ሥጋዋን መቆንጠጥ ጀመረ። ከኋላዋ፣ ከግቢው ውስጥ፣ ሜትሩ እንደገና ቅጭ ሲል ሰማች፤ «ሦስት ትይዛለች!» የሚል የፊሊጶስ ድምፅም ተከተለ። እንባዋ ሳትፈቅድለት መጣ።

«ኢንጂነር» አለች፤ አሁን ድምፁ ሌላ ነው። «መቅደም የምፈልገው እኔ ነኝ። ሦስት ዓመት ሙሉ እኔ ነኝ የፈለግኩት። የራሴን ነው እርስዎ ላይ የለጠፍኩት። ይቺ ጀልባ ዛሬ ካልወጣች የማድርበት የለኝም። እባክዎን።»

መስኮቱ ወረደ። ኢንጂነሩ መጀመሪያ እሷን፣ ቀጥሎ የተሸከመችውን አዩ።

«ምንድነው ይኼ?»

«መልህቅ ነው። ድንጋይ አጣሁ።»

«ይማሯት ኢንጂነር! አንገቷ ተቆረጠ እኮ!» አለች አንዷ ጎረቤት።

«ይማሯት! ይማሯት!» አለ መንደሩ፤ የባጃጁ ሹፌር ሳይቀር።

ኢንጂነሩ ከመኪናቸው ወረዱ። መልህቁን በሁለት እጃቸው ሊያነሡት ሞከሩ፤ ከበዳቸው፣ ጋሽ ሀሩን ሮጠው መጥተው አገዟቸው። ኢንጂነሩ ግንባሯን ሳሟት።

«እግዚአብሔር ይማርሽ። ተነሺ። በልጅ ነገር ማን ይቀየማል?» አሉ፤ ሳምንቱን ሙሉ አኩርፈው የከረሙት ሰውዬ።

«ከማሩኝ ፊት ሆነው ይምሩን።»

«እሱ እንኳን... ሊቀመንበሩ እያለ...»

«መልህቁን መልሼ ልሸከመው?»

«ተዪ! ተዪ!» ኢንጂነሩ እጃቸውን አነሡ፤ ወደ ሰዉ ዞረው በትልቅ ድምፅ «እንግዲህ ልጅቷ እንዲህ ከለመነች ምን ይደረጋል? የልጅ ልመና ይከብዳል!» አሉ።

መኪናቸው ገቡ። ባንዲራው ዓይን ተጨፍኖ እስኪገለጥ ከዳሽቦርዱ መሳቢያ ወጥቶ ቦታው ላይ ተሰካ። ፊዮሪ አየች። አፏን ከፈተች። ዘጋችው።

ኢንጂነሩ ሄዱ። ጋሽ ሀሩን ግን አልተነሡም።

«ጋሼ፣ ምነው?»

«አይ... እኔን እንኳን የለመነኝ የለም» አሉ ጋሽ ሀሩን፣ ጉዳዩ የማይመለከታቸው መስለው።

«ጋሽ ሀሩን፣ አፈር ስሆን!»

«ወላሂ በይ።»

«እርስዎ አይደሉም እንዴ ወላሂ የሚሉት?»

«እሺ እሺ፣ ብዬልሻለሁ!» እየሳቁ ነዱት። እትዬ የሺአረግ ሳይለመኑ ተከተሉ፤ «እኔ ፀሐይ ላይ ቆሜ የምጠብቀው ክብር የለኝም» ብለው፣ በሩ ጋ ሲደርሱ ለፊዮሪ አንድ ቲሸርት በመስኮት ወረወሩላት።

በሩ ተከፈተ። መንገዱ ተከፈተ። አባቷ ማርሽ አስገብቶ ሊነሣ ሲል ፊሊጶስ ሜትሩን እንደያዘ መኪናው ፊት ቆመ።

«አንድ ጊዜ፣ አንድ ጊዜ! እትዬ ፍረወይኒ፣ ስድስት ሰዓት አልፏል እኮ! በእኔ ሰዓት አልፏል!»

አልፎ ነበር። ፊዮሪም ታውቃለች። አባቷም እግሩን ፍሬኑ ላይ እንዳደረገ ሚስቱን ያያል። እናቷ ስልኳን ከኪሷ አወጣች። ከዚያ ልጇን አየቻት። የፊዮሪ ማጅራት ላይ ብረቱ ያረፈበት ቦታ ቲማቲም መስሎ ነበር፣ ጉልበቷ አቧራ ነው፣ ፊቷ ላይ እንባው አቧራውን ይዞት ወርዷል።

«ስልኬ ባትሪ ዘግቷል» አለች እናቷ፣ የበራውን ስልክ ኪሷ እየከተተች። «ስንት ሰዓት እንደሆነ እንጃ።»

«በርቶ አይቼዋለሁ እኮ!»

«ፊሊጶስ፣ ከመኪናው ፊት ዞር በል። ልጆቹ መንገድ አለባቸው።»

ፊሊጶስ ዞር አለ። ጀልባዋ ከበሩ ስትወጣ ምሰሶዋ ላይ የተረሳ አንድ የእናቷ ካልሲ ይውለበለብ ነበር። ለባንዲራ ያህል አያንስም።

እስከ ቱሉ ዲምቱ የሄዱበትን ሰልፍ ያየ ሰው ሁሉ ቆሞ አየ። ሙሽራ ፈልጎ ያጣ ሠርግ ነው የሚመስለው። የፍጥነት መንገዱ መግቢያ ላይ ደግሞ ቆሙ፤ ኢንጂነሩ የአራቱንም ክፍያ ልክፈል ሲሉ ጋሽ ሀሩን ከመኪና ወርደው ሮጠው እጃቸውን ያዙ፣ እትዬ የሺአረግ በሌላ መስኮት ብር ወረወሩ። ከኋላቸው ያለው የጭነት መኪና ሁሉ ክላክሱን ለቀቀው። ፊዮሪ መስኮቷን ዘጋች። አንገቷ ላይ እርጥብ ጨርቅ ጠምጥማለች፤ ስታወልቀው አየችው፣ «ላንጋኖ 2016» ይላል።

መንገዱ ከለቀቀ በኋላ የአባቷ ስልክ ጮኸ። እናቷ ናት፤ በስፒከር።

«ሮቶው መጣ» አለች። «ፊሊጶስ በአይሱዙው አምጥቶ አወረደልኝ፤ አይሱዙው ባዶውን ከሚመለስ ብዬ። ጀልባዋ የነበረችበት ቦታ ላይ ልክክ ብሎ ተቀምጧል። ስትመለሱ ጀልባዋን የት እንደምታቆሟት እንግዲህ ማኅበሩ ይወያይበት።»

ስልኩ ተዘጋ። አባቷ መኪናውን ቀዝቀዝ አደረገው።

«የት እናደርጋታለን አሁን? ጋሽ ሀሩን መጋዘን... አይ፣ ሲሚንቶ ሞልቶታል። እትዬ የሺአረግ ግቢ በሩ ጠባብ ነው። ስብሰባ መጥራት አለብኝ። አስቸኳይ።»

ፊዮሪ ወደ ኋላ ዞራ በመስታወቱ አየች። «ፍረወይኒ» በተጎታቿ ላይ ንቅንቅ እያለች ትከተላለች፣ ካልሲዋን እያውለበለበች።

«ባባ» አለች፣ «ጀልባ የሚቀመጠው የት ነው?»

አባቷ አሰበበት። ዱከምን እስኪያልፉ አሰበበት። ቢሾፍቱ ጋ ሲደርሱ ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ፊዮሪ ታመመ ብላ ደነገጠች፤ ሳቅ ነበር። ሲቆጣም፣ ሲደሰትም ወደ ትግርኛው ነው የሚሸሸው።

«ጓለይ» አላት፣ ልጄ ማለቱ ነው፤ «ውሃ ላይ ነዋ!» ከዚያ ፍሬቻውን አብርቶ፣ አንድም ሰው ሳይለምነው፣ እትዬ የሺአረግንና ጋሽ ሀሩንን ተራ በተራ ቀደማቸው።